ቤታችን ፉሪ ነው፤ ከድሬ ለሚመጡት እንግዶቼ አዲስ አበባን እንዴት ላሳያቸው?

ይህ ደብዳቤ የደረሰኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን ብቻ አቅርቤዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። ባለትዳርና የአንዲት የ6 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። አዲስ አበባ ከመጣሁ 9 ዓመቴ ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ የምንኖረው ከለቡ አለፍ ብሎ ፉሪ ነው። በመንፈቅ ዓመቱ የትምህርት እረፍት እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ሚስቱና ሁለት ልጆቻቸው በባቡር ይመጣሉ። ልጆቹ 13 እና 8 ዓመታቸው ነው። ከማክሰኞ እስከ እሁድ ይቆያሉ። እናቴ 69 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ ረቡዕና ዓርብም ትጾማለች። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። እሱ በሥራ አዲስ አበባ እየተመላለሰ እሷ ግን የመጣችው አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ቤታችንን አላየችውም።

ጭንቀቴን ልንገርዎት። አምና የባለቤቴ ቤተሰቦች መጥተው በአንድ ቀን ስድስት ቦታ ይዣቸው ዞርኩ። ምሳ ሳንበላ 9 ሰዓት ሆነ። ያገኘነው ቤት ገብተን የማይረባ ፓስታ በውድ ዋጋ በላን። አማቴ ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ልጆቹ አለቀሱ። ማታ እኔና ባለቤቴ ተጣላን። ዘንድሮ እሱ ‹ቤት ምግብ እያለ ምን ያስወጣናል? እዚሁ ጥሩ ጥሩ ነገር እናብላቸው፤ አንድ ቀን እንጦጦ እንውሰዳቸው፤ በቃ› ይላል። እኔ ግን ዳር ስለምንኖር ‹አዲስ አበባ ነኝ ትላለች እንጂ የምትኖረው ገጠር ነው› እንዳይሉኝ እፈራለሁ። እናቴን በስልክ ‹የት የት ልውሰድሽ?› ስላት ‹እኔ አንቺን ነው የማየው፤ ከተማው የት ይሄዳል?› አለችኝ። ገንዘባችን ብዙ አይደለም። ምን ባደርግ ይሻላል?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናትሽ «እኔ አንቺን ነው የማየው» ሲሉ የምራቸውን ነው። ልጃቸው የት እንደምትተኛ፣ ዳቦ ከየት እንደምትገዛ፣ ከማን ጋር ቡና እንደምትጠጣ ሦስት ዓመት ሙሉ በስልክ ብቻ ነው የሰሙት። እናት እንዲህ ያለውን ነገር በዓይኗ ካላየች ልቧ አያርፍም። ስለዚህ የመጀመሪያው መታየት ያለበት ቦታ ፉሪ ነው። የልጅሽን ትምህርት ቤት አሳያቸው፤ አትክልት የምትገዢበትን ቦታ፣ የምትሳለሚውን ቤተ ክርስቲያን፣ ጎረቤቶችሽን አሳያቸው። ይህም ራሱን የቻለ ጊዜ ይፈልጋል።

ዳር መኖርሽ አያሳፍርሽ። ነገሩን እንዲህ ተመልከቺው። ድሮ ከድሬ በባቡር የመጣ እንግዳ የሚወርደው ለገሃር ነበር፤ መሃል ከተማ። በ2009 ከተመረቀው አዲሱ መስመር ወዲህ ግን የመንገደኛ ጣቢያው ፉሪ ለቡ ነው። ከድሬ ለሚመጣ ሰው አዲስ አበባ ዛሬ የምትጀምረው በእናንተ በኩል ነው። እናትሽ ከባቡር ሲወርዱ መጀመሪያ የሚያዩት ያንቺን ሰፈር ነው። ሌላው እስኪደርስ ሰዓት የሚፈጅበትን አንቺ ወዲያው ቤት ታስገቢያቸዋለሽ።

እኔም የምኖረው ዳር ነው፤ በሌላው ጫፍ፣ በየካ አባዶ በኩል። አባቴ በሕይወት እያለ ከገጠር መጥቶ አራት ቀን እኔ ዘንድ ከረመ። ዕድሜውን ሙሉ ግንበኛ ነበር። እኔ ሙዚየም ነው፣ አደባባይ ነው እያልኩ ያዝኩት። አንዱ ቦታ ሳልደውል ሄጄ ዝግ ሆኖ አገኘሁት። አባቴ በፀሐይ ምርኩዙን ተደግፎ ግማሽ ሰዓት ቆመ። በመጨረሻው ቀን ደክሞኝ ሰፈር ዋልን። ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ወጣቶች ኮብልስቶን እያነጠፉ ነበር። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲያያቸው ዋለ። አንዱን ልጅ ጠርቶ የመዶሻ አያያዝ አሳየው። ልጆቹ ከምሳቸው አካፈሉት። አገሩ ተመልሶ ስለ አዲስ አበባ ሲያወራ ያንን ነበር የሚያወራው። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ማየት ትፈልጋለህ?» ሳይሆን «ስትሠራ የኖርከው ምንድን ነው? የምታስታውሰው ማን ነው?» የሚለውን ነው።

ለዚህም ነው ስለ አባትሽ የጻፍሽው ዓይኔን የሳበው። ምድር ባቡር ይሠሩ እንደነበር በአንድ መስመር አልፈሽዋል። እናትሽ የባቡር ሠራተኛ ሚስት ሆነው የኖሩ ሴት ናቸው። ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ በ1895 እዚያ ሲደርስ ነው የተቆረቆረችው። ያው ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ባልየው በሥራ ሲመላለሱ የኖሩበት የመስመሩ ሌላ ጫፍ ለገሃር ነው። ለሌላ ጎብኚ ለገሃር የታክሲ ፌርማታ ስም ሊሆን ይችላል። ለእናትሽ ግን እንደዚያ የሚሆን አይመስለኝም። የእናንተን ጉዞ እኔ ባወጣ ኖሮ ከመሃል ከተማ መጀመሪያ የማደርገው ለገሃርን ነው።

አሁን ወደ አምናው ልመለስ። የአምናው ችግር ቦታ መብዛቱ ብቻ አልነበረም። ምሳው መጨረሻ ላይ መታሰቡ ነው። መጀመሪያ መወሰን ያለበት ምሳ ነው፤ ምን ትበላላችሁ፣ የት፣ በስንት ሰዓት። ከዚያ በኋላ ለምሳው ቅርብ የሆነውን አንድ ወይም ሁለት ቦታ ትመርጫለሽ። ለአንድ ቀን የከተማው አንድ አቅጣጫ ይበቃል። ምሳ ቤት ልክ በ6 ሰዓት ግቡ። 6 ሰዓት ተኩል ላይ የቢሮ ሰው ሁሉ ይወጣል። ስምንት ሰው አንድ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ አይገኝም፤ ምግቡም ይዘገያል።

ማክሰኞ ከባቡር ሲወርዱ የትም አትውሰጃቸው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ነው የሚመጡት። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ከሙቀት አገር የመጣ ሰው የመጀመሪያው ቀን ራሱን ሊያመው፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ጥር ማታ ደግሞ ብርዱ ከባድ ነው። ጣቢያ ስትሄጂ ለእናትሽና ለልጆቹ ጋቢ እና ሹራብ ይዘሽ ሂጂ። ማታ ትኩስ ሾርባ፣ ሽሮ፣ ሻይ፣ እንቅልፍ።

ረቡዕ ጠዋት ከሰፈር በኋላ ወደ ሜክሲኮና ለገሃር ውጡ። ከ3 ሰዓት በፊት አትነሱ፤ የጀሞ መንገድ ጠዋት የሥራ ሰው ነው። ለገሃር ዙሪያው በግንባታ ተለውጧል፤ እናትሽን ለዚያ አዘጋጂያቸው። በጣቢያው ፊት ያለውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ለልጆቹ አሳያቸው። ጣልያን ሮም ወስዶት የተመለሰ አንበሳ ነው። እናትሽ ስለ አባትሽ ማውራት ከጀመሩ ሌላውን ሁሉ ተዪው። የልጅ ልጆቻቸው አያታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ይስሙ።

ከዚያ መስቀል አደባባይ ቅርብ ነው። እዚያ ጥግ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። መታየት ያለበት ቦታ ነው እላለሁ። ግን በ1969 እና በ1970 እናትሽ የሃያ ዓመት ወጣት ነበሩ። ያን ጊዜ በዓይናቸው አይተውታል። ሳይጠየቁ ድንገት እዚያ ፎቶዎች ፊት አይቁሙ። ለ8 ዓመቱ ልጅም ይከብዳል። ወንድምሽ ከፈለገ ከትልቁ ልጁ ጋር ይግባ።

ረቡዕ ጾም ስለሆነ ምሳው በያይነቱ ነው፤ ይህ ደግሞ ለቦርሳችሁም ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ከምትኮራባቸው ምግቦች አንዱ ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ጥሩ በያይነቱ ላይ ቀይ ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ፎሶሊያ ይኖራል። ሱፍ ፍትፍት ወይም ስልጆ ካለበት ቤቱን ያዢው። ለስምንት ሰው ስምንት ምግብ አትዘዢ። በሁለት ትሪ አምስት በያይነቱ አዝዢ፤ ሁለት ተጋቢኖ ሽሮ እየፈላ ይምጣ። ካነሰ ይጨመራል። ምግብ በትሪ ሲቀርብ ልጆቹም የማያውቁትን ነገር ከአያታቸው ጉርሻ ይቀምሳሉ። ለብቻ ሳህን ብትሰጫቸው ድንች ጥብስ ብቻ በልተው ይነሳሉ።

አንድ ነገር ግን አስቀድመሽ ጠይቂ። እናትሽ እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚጾሙት? እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ልጆቹን መንገድ ላይ በሳምቡሳና በሙዝ አሰንብቻቸው። ዋናውን ምሳ ወደ ቤት ስትመለሱ ጀሞ አካባቢ አድርጉት። ዓሣን በተመለከተም እንዲሁ። በጾም ዓሣ የሚበላ አለ፤ በፍጹም የማይነካ አለ። እናትሽ የትኛው እንደሆኑ እሳቸው ይናገሩ፤ አስተናጋጁ ፊት አትከራከሪ።

ሐሙስ ፍስክ ስለሆነ የወተትና የኬክ ቀን አድርጊው። በጠዋት አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም። ድንቅነሽን ለማየት ነው የሚኬደው። በ1967 አፋር፣ ሀዳር ላይ ነው የተገኘችው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ለልጆቹ ግን የሰላምን ታሪክ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ሰላም ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን ነበረች። 3.3 ሚሊዮን ዓመት ይሆናታል። እሷንም ያገኙት በ1993 አፋር፣ ዲኪካ ላይ የዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን አባላት ናቸው። ያንቺ ልጅ ከሰላም በሦስት ዓመት ብቻ ትበልጣለች። ልጆች እንዲህ ያለውን ሲሰሙ መስታወቱ ጋ ሄደው ይቆማሉ። አንድ ሰዓት ይበቃል። ሁሉንም ፎቅ ካላየን አትበሉ፤ ጉልበት የሚያማው ሰው ሙዚየም ውስጥ የሚደክመው ከመራመድ ይልቅ በመቆም ነው።

ከዚያ ወደ አራት ኪሎ ቁልቁል ነው። ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ለእናትሽ ነው። ነጠላቸውን ይዘው ይውጡ። ተሳልመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴንና የእቴጌ መነንን መቃብር ያያሉ። የንጉሡ አጽም እዚያ ያረፈው በ1993 ነው። አጸዱ ውስጥ ጥላ አለ። ከተቀመጡ አታጣድፏቸው።

የሐሙስ ምሳ ቀለል ያለ ጥብስና ሽሮ ይሁን። ከምሳ በኋላ ፒያሳ። የድሮው ፒያሳ ብዙው ፈርሷል። ወንድምሽ ከዓመታት በፊት ያየውን ፍለጋ እንዳይንከራተት አስቀድመሽ ንገሪው። አራዳ ጊዮርጊስ አለ፤ የምኒልክ ሐውልት አለ፤ በየካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። መታሰቢያው ሰፊ ነው፤ ብዙ ያስኬዳል። ወንድምሽ፣ ሚስቱና ልጆቹ ይግቡ። አንቺና እናትሽ ኬክ ቤት ቁጭ በሉ። ማኪያቶ አዝዢላቸው፤ «ነጣ ያለ» ወይም «ጠቆር ያለ» ብለው ይምረጡ። ቶሞካን ብዙ ሰው ይመክራል፤ ቡናው ጥሩ ነው። ግን እዚያ ቤት እንደ ልማዱ ቡና የሚጠጣው ቆሞ ነው፤ ለእናትሽ ጉልበት አይሆንም። አንቺ ገባ ብለሽ የተፈጨ ቡና ግዢና ለድሬ ጎረቤቶቻቸው ይዘው ይሂዱ።

9 ሰዓት ላይ ወደ ቤት ተነሱ። ይህን አደራ እልሻለሁ። ከ10 ሰዓት በኋላ ሜክሲኮ ላይ ያለውን የታክሲ ሰልፍ ታውቂዋለሽ። የቀኑ ደስታ ሁሉ እዚያ ሰልፍ ላይ ነው የሚያልቀው። ለስምንት ሰው ደግሞ አንድ ታክሲ ላይ ቦታ አይገኝም። ለረቡዕና ለሐሙስ ከሰፈራችሁ የምታውቁት የሚኒባስ ሾፌር ካለ ኮንትራት ተነጋገሩ። ዋጋውንና የመመለሻውን ሰዓት ቀድማችሁ ቁረጡ። እናትሽ ጋቢና ይቀመጡ። ኮንትራቱን ካልቻላችሁ ሌሎቻችሁ በታክሲ ሂዱ፤ ለእናትሽና ለትንንሾቹ ብቻ እንደ ራይድ ወይም ፈረስ ያለ በስልክ የሚጠራ መኪና ጥሩላቸው።

ዓርብ ተለያዩ። ብዙ ቤተሰብ ይህን ይፈራል። አብሮ የመጣ ሰው ሁልጊዜ አብሮ መዋል ያለበት ይመስለናል። የሚያጣላን ግን እሱ ነው። ባለቤትሽ እንጦጦ ብሏል፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ከፉሪ እንጦጦ ማለት ግን ከተማውን ከደቡብ ምዕራብ እስከ ሰሜን ማቋረጥ ነው። ተራራው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ነፋሱም ቀላል አይደለም። ለእናትሽ አይመከርም። ባለቤትሽ ወንድምሽን፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ማልዶ ይውጣ። ልጆቹ ፓርኩ ውስጥ ይሩጡ፤ ባሕር ዛፉን ያሽትቱ። እንጦጦ ማርያም ምኒልክ በ1882 የነገሡባት ቤተ ክርስቲያን ናት። ከዚያ ላይ ሆነው ከተማዋን ቁልቁል ሲያዩ እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው አዲስ አበባ የተባለችው ለምን እንደሆነ ይገባቸዋል። ሲመለሱ ሽሮ ሜዳ ነው። የወንድምሽ ሚስት የሐበሻ ልብስ ማየቷ አይቀርም። የጠሩትን ዋጋ ወዲያው አትክፈል፤ ሁለት ሦስት ሱቅ ትጠይቅ።

አንቺ ዓርብን ከእናትሽ ጋር ዋዪ። ቡና አፍዪ። ጎረቤቶችሽን ጥሪ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ ማንም አይነሳ። ቆሎና የጾም ዳቦ ይበቃል። ያን ቀን እናትሽ ለሌላ ሰው የማይነግሩትን ይነግሩሻል።

ቅዳሜ ከከተማ ውጡ። እዚህ ላይ ዳር መኖራችሁ በጣም ይጠቅማችኋል። ከመሃል ከተማ የሚነሳ ሰው ወደ ቡታጅራ መንገድ ለመድረስ ብቻ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል። እናንተ ዓለም ገና ደጃችሁ ነው። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ አዋሽ ዳር፣ መልካ ቁንጡሬ አለ። ከ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ሰው የኖረበትና የድንጋይ መሣሪያ የሠራበት ቦታ ነው። በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሐሙስ ድንቅነሽን ያዩ ልጆች ቅዳሜ እዚህ ሲመጡ ነገሩ ይገጥምላቸዋል። ከዚያ ገባ ብላ ደግሞ አዳዲ ማርያም አለች፤ ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን። ትውፊቱ ከንጉሥ ላሊበላ ጋር ያያይዛታል። ላሊበላ ለመሄድ ጉልበታቸው ላልቻለ እናት ትልቅ ስጦታ ናት። ወደ ውስጥ መውረጃው ደረጃ ስለሆነ ወንድምሽ እጃቸውን ይያዝ። ጥያ ትክል ድንጋይም በዚያው መንገድ ነው፤ ዘንድሮ ግን ተዉት። ከመውጣታችሁ በፊት ሾፌሩን ስለ መንገዱ ሁኔታ ጠይቁት።

የዚያን ቀን ምሳ ክትፎ ነው። ወደ ጉራጌ አገር የሚወስድ መንገድ ላይ ሆኖ ሌላ ነገር ማዘዝ አይገባም። በጣባ ይምጣ፤ ቆጮው፣ አይቡ፣ ጎመኑ አይቅር። ወንድምሽ ጥሬውን ይወድ ይሆናል። ለልጆቹና ለእናትሽ በደንብ የበሰለ እዘዢ። ለብ ለብም ቢሆን ለልጆች አይሆንም፤ ኮሶ የሚተላለፈው ካልበሰለ የከብት ሥጋ ነው። ክትፎ ይከብዳል፤ ቅቤው ብዙ ነው። ለስምንት ሰው አራት ክትፎ ከብዙ ቆጮ ጋር ያጠግባል። ከተረፈ ይጠቀለልላችኋል።

ስለ ገንዘቡ ይህን ልበል። ባለቤትሽ ግማሹ እውነት አለው። ቁርስና እራት ቤት ይሁን፤ ምሳ ብቻ ውጭ። በዚህ መንገድ አምስት ቀን ሙሉ የምትከፍሉት ለአራት ምሳ ብቻ ነው፤ ከዓርቡም ውስጥ ግማሹ ሰው ቤት ነው የሚበላው። ጠዋት ፍርፍር ወይም ጨጨብሳ በልቶ የወጣ ልጅ በ4 ሰዓት ብስኩት ብስኩት አይልም። ውሃ ከቤት ያዙ። ምግብ ከማዘዝሽ በፊት ዋጋው ቫትን ይጨምር እንደሆነ ጠይቂ። 15 በመቶ በስምንት ሰው ሂሳብ ላይ ትልቅ ገንዘብ ነው። አንዳንድ ቤት የአገልግሎት ክፍያም ይጨምራል። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ወንድምሽ ደግሞ ሂሳብ ላይ መታገሉ አይቀርም። አንዱን ቀን ይክፈል። የቅዳሜውን ክትፎ ስጪው። ታላቅ ወንድም ነው፤ ሁልጊዜ እጁን ብትይዥው ያዝናል።

ስለ መጸዳጃ ቤት ሰው አይጽፍም፤ እኔ ግን እጽፋለሁ። እናትሽ አፍረው አይናገሩም። ውሃ መጠጣት ሲያቆሙ ካየሽ ምክንያቱ ይኸው ነው። ምሳ ቤት ስትመርጪ መጸዳጃው ደረጃ ያለበት መሆን አለመሆኑን አስቀድመሽ ገብተሽ እዪ። ከእያንዳንዱ ቦታ ከመነሳታችሁ በፊት ሳይጠየቁ «እማዬ፣ ነይ አብረን እንሂድ» በያቸው።

እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሰፈር፤ ከዚያ ዶሮ ወጥ። እናትሽ «እኔ ካልሠራሁ» ብለው ከተነሱ ሽንኩርቱን ከትፈሽ ስጫቸው፤ ምድጃውን ለቀቅ አድርጊላቸው። ያንቺ ወጥ ቤት ውስጥ መሥራት ከአገር ቤት ሲያስቡት የነበረ ነገር ሊሆን ይችላል። ለባቡሩ ስንቅ ድፎ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ያዙላቸው።

አሁን ገና ጊዜ አለሽ። ዛሬ ማታ ደውዪላቸው። «የት ልውሰድሽ?» አትበያቸው። «አባዬ ለገሃር ሲወርድ ምሳ የት ነበር የሚበላው?» በያቸው። ለሚስት ሳያወሩ አይቀሩም። ቤቱ ዛሬ ላይኖር ይችላል፤ ሰፈሩን ግን ይነግሩሻል። የረቡዕን ምሳ እዚያ አካባቢ ፈልጊ።